ፖሊስ ያልሆነው መርማሪ

«መርማሪ ነኝ» ስል ብዙ ሰው ፖሊስ እመስለዋለሁ። የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ ያለጥፋታቸው ለተፈረደባቸው እስረኞች በሚሟገት ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። የቆየ መዝገብ አገላብጣለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን የምስክሮችን በር አንኳኳለሁ። የእስረኛው ጠበቃ ብቻውን ሄዶ ምስክር ቢያነጋግር፣ ምስክሩም ኋላ ቃሉን ቢለውጥ፣ ጠበቃው ራሱ ምስክር ሆኖ መቅረብ ሊኖርበት ነው፤ ያን ጊዜ ችሎት ላይ መሟገቱን ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ እኔ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ካስፈለገም እመሰክራለሁ።

ያለጥፋታቸው ከተፈረደባቸው አንዱ አንቶኒ ሬይ ሂንተን ነው፤ አላባማ ውስጥ በነፍስ ግድያ ሞት ተፈርዶበት ወደ 30 ዓመት ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሦስት ባለሙያዎች የወንጀሉን ጥይቶች ማስረጃ ተብሎ ከቀረበው የእናቱ ሽጉጥ ጋር ማያያዝ እንደማይቻል መሰከሩ፤ የተፈታው ግን በ2015 ነው። ማስረጃው ተገኝቶ እንኳ 13 ዓመት! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለሥራው የሕግ ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ ከጋዜጠኝነትና ከማኅበራዊ ሥራ የመጡ ብዙ ናቸው። የምትፈልጉ ጠይቁኝ።