መቶ ፎቶ፣ አንድ ጥያቄ

ከላሊበላ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ፣ የጽድ ደኑን ዳገት ወጥታችሁ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ስትገቡ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መቆም ነው። ከዚያ ዋሻው ውስጥ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ቀስ በቀስ ብቅ ይላል፤ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ የነጣ ግንብ፣ ደግሞ እንጨት፣ ደግሞ ነጭ። ከአክሱም የወረደ የግንበኝነት ጥበብ ነው። ያሠራውም ከላሊበላ በፊት የነገሠው የዛግዌ ንጉሥና ካህን፣ ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው።

ያን ጊዜ ሁላችንም ስልካችንን እናወጣለን። መቶ ፎቶ ይዘን እንመለሳለን። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ መቶውንም አሳጥበን አዳራሽ ውስጥ ብንሰቅላቸው ጭብጥ ያለው ዐውደ ርዕይ ይሆናሉ?

አይሆኑም። «ይምርሐነ ክርስቶስ» ማለት አድራሻ ነው፤ ጭብጥ የሚመጣው ጥያቄ ሲኖር ነው። ለምሳሌ «እዚህ ዋሻ ውስጥ ብርሃን በየት በኩል ይገባል?» ብለን እንነሣ። ወዲያው ፎቶዎቹ መጠራራት ይጀምራሉ፦ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መስኮቶች፣ በቄሱ እጅ ያለች ጧፍ፣ ከዋሻው አፍ የመጣውን ብርሃን ተቀብሎ የሚመልሰው ነጭ ግንብ። ከመቶው እጅግ ያማረው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ፎቶ ግን ይቀራል። ያማል! የኩሬተር፣ የዐውደ ርዕይ አዘጋጅ፣ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ ቆንጆውን ፎቶ ለጥያቄው ሲል መተው።

ፎቶግራፍ አንሺውን ሚካኤል ፀጋዬን ተመልከቱ። ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። በአንድ ተከታታይ ሥራው የመቃብር ድንጋይ ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶግራፎች አነሣ። ፊታቸውን ፀሐይና ዝናብ በልቶታል። አንዱን ብቻ ብታዩ የተበላሸ ፎቶ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ። ተደርድረው ስታዩአቸው ግን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞት ታያላችሁ። ይህን ሥራ ባሰብኩ ቁጥር ከይምርሐነ ክርስቶስ ጀርባ፣ ከዋሻው ጥግ ያለው የምእመናን አፅም ይመጣብኛል፤ ሊሳለሙ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ናቸው ይላል ትውፊቱ። ጎብኚው አፅሙን ያነሣል። እኔ ብሆን ያን ፎቶ አልሰቅልም፤ አፅሙን አይተው ዝም ያሉትን ሰዎች ፊት እሰቅላለሁ።

ጥያቄው ሲጠነክር ደግሞ ከለመድነው ምስል ያወጣናል። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችው ፎቶግራፍ አንሺ አይዳ ሙሉነህ፣ በ2018 ወተርኤይድ የተባለው ድርጅት ስለ ውሃ እጦት እንድትሠራ ሲጠይቃት ያዘነች ሕፃንና የደረቀ ወንዝ ፍለጋ አልሄደችም። ዳሎል ወረደች። በዚያ የጨው ምድር ላይ፣ ቀለም የተቀቡ፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሴቶችን አቆመች። ውሃ መቅዳት በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ 12ቱም ፎቶዎች በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ ግርማ በርታም በስልኩ ያነሣቸውን የአዲስ አበባ መንገደኞች ከግርግሩ ቆርጦ፣ ከነጥላቸው አንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻቸውን ያስቀምጣቸዋል። ሊስትሮው በየቀኑ ባጠገቡ ስናልፍ ያላየነው ሰው ሆኖ ይመጣል።

ከዚያ ተራው የግድግዳው ነው። ሁለት ፎቶ ሲጠጋጋ ይነጋገራል፤ ሲራራቅ እያንዳንዱ ለየብቻው ይተነፍሳል። ስለዚህ ጋለሪ ስትገቡ ፎቶዎቹን ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ባዶ ግድግዳም እዩ፤ በተለይ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ቆም በሉ።

የዋሻው ዐውደ ርዕይ የእኔ ቢሆን በር ላይ የምሰቅለው ፎቶ ጨለማ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። ብቻውን፣ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ። የገባ ሰው ምንም የለም ብሎ ሊያልፍ ሲል፣ ዓይኑ ሲለምድ፣ አንድ ረድፍ ነጭ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር ይወጣለታል።