ክለብ የራሱን ተጫዋች የሚሞግትበት ችሎት

በፈረንጆቹ የካቲት፣ የአሜሪካ ቤዝቦል ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አንዳንድ ተጫዋቾች ሙሉ ልብስ ለብሰው ሦስት የግልግል ዳኞች ፊት ይቀመጣሉ። በአንድ ወገን ጠበቆቻቸው፣ በሌላው ወገን ራሱ የሚጫወቱለት ክለብ አለ። ክለቡ ተራው ሲደርስ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያስረዳው ልጁ የጠየቀውን ያህል እንደማይገባው ነው። ማስረጃው ቁጥር ነው፤ ስንት መታ፣ ስንት ሳተ፣ ስንት ጨዋታ በጉዳት ቀረ። ወሩ ሳያልቅ ያው ክለብ ያንኑ ልጅ ወደ ልምምድ ሜዳ ያስገባዋል።

ቤዝቦል እያንዳንዱ ውርወራ የሚመዘገብበት ጨዋታ ነው። ከዚህ የተነሳ ጎበዝ ሁሉ እንደ ቁጥሩ የሚከፈለው ይመስላል። እውነቱ ግን መጀመሪያ የሚቆጠረው ቀን ነው። አንድ ወጣት ወደ ከፍተኛው ሊግ ካደገ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ክለቡ የሚወስንለትን ይቀበላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛው ደመወዝ፣ በ2025 ከነበረው 760,000 ዶላር፣ ብዙም አይርቅም። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ዓመት በግልግል የመሟገት መብት ያገኛል። ስድስት ዓመት ሲሞላው ነፃ ይወጣል፤ ለፈለገው ክለብ ይፈርማል። አንድ ዓመት ማለት ደግሞ በሊጉ አቆጣጠር 172 ቀን ነው። በ2015 የቺካጎ ከብስ ክለብ ክሪስ ብራያንት የተባለውን ወጣት ውድድሩ ከተጀመረ ከቀናት በኋላ አሳደገውና 171 ቀን ሞላ። ልጁ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በአንዲት ቀን ጉድለት ግን ነፃ የሚወጣበት ጊዜ በአንድ ዓመት ተገፋ። ክስ አቀረበ፤ በ2020 ተፈረደበት።

ድሮ ይህም አልነበረም። ክለብ ተጫዋቹን እስከፈለገ ድረስ ያስቀረው ነበር፤ ደመወዝ አነሰኝ ለሚል ያለው አማራጭ ቤቱ መቀመጥ ነበር። የግልግሉን ሥርዓት ያመጣው በማርቪን ሚለር የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር በ1973 ያደረገው ድርድር ነው። በ1974 የመጀመሪያው ተሟጋች የሚኒሶታው ወርዋሪ ዲክ ውድሰን ነበር። 29,000 ዶላር ጠየቀ፣ ክለቡ 23,000 አለ፤ ውድሰን ረታ።

የሥርዓቱ ብልሃት ከውሳኔው ላይ ነው። የእኛ አገር ሽማግሌ ቢሆን ከዚህም ከዚያም ቆርሶ መሐል ላይ ያስታርቅ ነበር። እነዚህ ዳኞች ግን መሐል መግባት ተከልክለዋል። ተጫዋቹ አንድ ቁጥር ያስገባል፣ ክለቡም አንድ፤ ዳኞቹ ከሁለቱ አንዱን እንዳለ ይመርጣሉ፣ ምክንያታቸውንም አይጽፉም። ስለዚህ የሚያጋንን ሰው ሁሉን ያጣል። ፍርሃቱ ሁለቱንም ስለሚያቀራርባቸው አብዛኞቹ ከችሎቱ ደጅ ተስማምተው ይመለሳሉ። እንደኔ ከሆነ ከሙግቱ ይልቅ የሚደነቀው ይህ ነው።

ክፍሉ ውስጥ የትኛው ቁጥር ይሠራል? ዳኞቹ የሚያነጻጽሩት ተመሳሳይ ዕድሜ በሊጉ ያሳለፉ ተጫዋቾች ቀድሞ የተከፈላቸውን ነው። ስለሆነም የቆዩት፣ ማንም የሚያውቃቸው ቁጥሮች ከባድ ሚዛን አላቸው፤ ለመቺ «ሆም ረን»፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አጥር ማሳለፍ፤ ለወርዋሪ «ሴቭ»፣ ማለትም ቡድኑ በጥቂት ነጥብ እየመራ የመጨረሻውን ዙር ሳያስደፍር መጨረስ። ክለቦቹ ግን ተጫዋች ሲገዙ እነዚህን ካመኑ ቆይተዋል። በቢሯቸው የሚያዩት እንደ «ዋር» ያለውን መለኪያ ነው፤ ተጫዋቹ ከታችኛው ሊግ በቀላሉ በሚገኝ ሰው ቢተካ ቡድኑ ስንት ድል ያጣ ነበር የሚል ስሌት።

ልዩነቱ የጎዳው ዴሊን ቤታንሰስን ነው። የኒው ዮርክ ያንኪስ ወርዋሪ ሆኖ ከ2014 እስከ 2016 በየዓመቱ ከመቶ በላይ መቺዎችን ኳሱን ሳያስመታ አስወጥቷል፤ ለተቀያሪ ወርዋሪ ይህ ብርቅ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚገባው ከመጨረሻው ዙር በፊት ስለነበር ሴቩ ጥቂት ነው። በ2017 አምስት ሚሊዮን ጠየቀ፣ ክለቡ ሦስት አለ፤ ክለቡ ረታ። የክለቡ ፕሬዚዳንት በዚያ ሳይበቃው ጥያቄው ከገበያው ውጭ ነው ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ሲረቱ ዝም ማለትን የመሰለ ነገር አልነበረም።

ኮርቢን በርንስም በ2021 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ተሸልሞ ሳለ በ2023 ከሚልዋኪ ክለብ ጋር ተካሰሰ፤ ልዩነታቸው 740,000 ዶላር ብቻ ነበር። ተረታ፤ በክፍሉ የሰማው ነገር ግንኙነታቸውን እንዳሻከረ በግልጽ ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ለባልቲሞር ተላልፎ ተሰጠ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የያንኪሱ መቺ ኤረን ጀጅ በ2022 መግቢያ ክለቡ ያቀረበለትን የሰባት ዓመት 213.5 ሚሊዮን ዶላር አልቀበልም አለ፤ በዚያው ዓመት 62 ሆም ረን መታና በዘጠኝ ዓመት 360 ሚሊዮን ፈረመ። አንድ ሆም ረን ይህን ያህል ተብሎ በውል ማስገባት ግን አይቻልም፤ ደንቡ የሚፈቅደው ለተሰለፈበት ብዛት ወይም ላገኘው ሽልማት ጉርሻ መስጠትን ብቻ ነው።

በ2021 ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በተደረገው ድርድር የክለብ ባለቤቶቹ ሙግቱ ይቅርና ደመወዙን በ«ዋር» ቀመር እናስላ አሉ። ዘለፋው የሚደርስባቸው ተጫዋቾች ደስ ይላቸዋል ሲባል፣ ማኅበራቸው እምቢ አለ። እኔም አልፈርድባቸውም፤ በክፍሉ አንድ ሰው ሲረታ የሱ ደመወዝ ለሚመጣው ተሟጋች መነሻ ይሆናል፣ ቀመር ግን ጣሪያ አለው። ቀመሩ የገባው ሌላ በር ከፍቶ ነው፤ ገና ለግልግል ላልደረሱ ወጣቶች በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ፣ ከፊሉ በሽልማት፣ ከፊሉ ሁለቱም ወገን በተስማሙበት የ«ዋር» ስሌት ይከፋፈላል። ይህን የያዘው የአሁኑ የክለቦችና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት በዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል።