ዶከር ላይ ፖርት ስትከፍቱ ግራና ቀኙን ለዩ

መቐለ ውስጥ ሶፍትዌር ለምትማሩና ለምትሠሩ፦ «ኮንቴይነሩ ተነስቷል፣ ብሮውዘር ላይ ግን አይከፍትም» የሚል ጥያቄ ይበዛል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አለ።

1. 8080:80 ስትጽፉ ግራው የማሽናችሁ፣ ቀኙ የኮንቴይነሩ ፖርት ነው። ብሮውዘር ላይ የምትጽፉት 8080ን ነው። የማሽናችሁ አድራሻ 192.168.1.20 ከሆነ፣ በዚያው ዋይፋይ ያለ ጓደኛችሁ 192.168.1.20:8080 ብሎ ይገባል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል።

2. ዶከርፋይል ላይ ያለው «ኤክስፖዝ» መረጃ ብቻ ነው፤ ፖርት አይከፍትም።

3. አፑ ኮንቴይነሩ ውስጥ 127.0.0.1 ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ከውጭ አይደረስበትም። ወደ 0.0.0.0 ቀይሩት።

4. ጥንቃቄ! 5432:5432 ብላችሁ ፖስትግሬስን ከከፈታችሁ በሁሉም የማሽኑ አድራሻዎች ይከፈታል። ኡቡንቱ ላይ በዩኤፍደብሊው ፋየርዎል ብትዘጉት እንኳ ዶከር የራሱን ሕግ ስለሚያስገባ ያልፈዋል። 127.0.0.1:5432:5432 በሉት። በአንድ ኮምፖዝ ፋይል ያሉ ኮንቴይነሮች ደግሞ በሰርቪስ ስማቸው ስለሚገናኙ፣ ለእነሱ ሲባል ዳታቤዙን መክፈት ጭራሽ አያስፈልግም።

ዛሬውኑ ሰርቨራችሁ ላይ «ዶከር ፒኤስ» በሉና የፖርት ዓምዱን እዩ። ከዳታቤዝ ጎን 0.0.0.0 (ማለትም ሁሉም የማሽኑ አድራሻዎች) ካያችሁ ሳታድሩ ዝጉት።