ኅብረ ቃል በዓይን ብቻ አይዳኝም

በዚህ ቻናሌ ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁ ስለ አንቀጽ አጻጻፍ ነበር፤ ይቆየን። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቡራዩ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

በእረፍት ሰዓት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ መጣችና «ቲቸር፣ ጣሉብኝ» አለችኝ። ስልክ ግቢ ስለማይገባ የላከችውንም የመለሱላትንም ደብተሯ ጀርባ ላይ ገልብጣዋለች። አንድ ቻናል የሰምና ወርቅ ውድድር አውጥቶ ነበር፤ ሽልማቱ የ200 ብር ካርድ። የሷ ስንኝ ይኸው፦

ጠበበኝ እያለ ሰው ሁሉ ሲነጉድ፣
ሰፊ ፍለጋ ነው የሱሉልታ መንገድ።

ከሥሩ የዳኛው ቃል፦ «ኅብረ ቃል የለውም። ሰፊ ያው ሰፊ ነው። አላለፈም።»

ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ አልተነትንም፤ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ግን «ሰፊ ያው ሰፊ ነው» የሚል ሰው እንዴት ዳኛ ይሆናል? አላልታችሁ አንብቡት፣ ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ነው። አጥብቃችሁ አንብቡት፣ የጠባብ ተቃራኒ ነው። ልብሷ የጠበባት ልብስ ሰፊ ትፈልጋለች፤ ቤቱ የጠበበው ሰፊ ግቢ ይፈልጋል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ «ጠበበኝ»ን መርጣ ማስቀመጧ ነው። ቀሚስም ይጠባል፣ ቤትም ይጠባል፤ የላይኛው ስንኝ ለሰሙም ለወርቁም እኩል ያገለግላል። ብዙ ተወዳዳሪ ኅብረ ቃሉን ያገኝና ዙሪያውን ይረሳዋል። እሷ አልረሳችም። ምጣኔውም ስድስት ስድስት፣ የወል ቤት ነው፤ አንድ ቀለም አልተረፈም፣ አልጎደለም። ኪራይ አስመርሮት ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደኛ ወደ ቡራዩ ስንቱ ሰው እንደወጣ ያየ ደግሞ ወርቁ አይጠፋውም።

እኔ በዚህ ጨዋታ 15 ዓመት ቆይቻለሁ። ሬዲዮ ላይ ደውዬ፣ በጽሑፍ ልኬ፣ በበዓል ዋዜማ መድረክ ላይ ቆሜ ተወዳድሬአለሁ። መጽሐፍ አሸንፌአለሁ፣ አንድ ጊዜ የፋሲካ ዶሮም ይዤ ገብቻለሁ። ብዙ ጊዜ ተሸንፌአለሁ፤ ሲገባኝ ነው። የከነከነኝ መሸነፉ አይደለም፣ ዳኝነቱ ነው። ለአዘጋጆች በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ገና (በዓሉ) እና ገና (ጊዜው ያልደረሰ)፣ ዋና (አለቃው) እና ዋና (ውኃ ውስጥ)፣ አባይ (ወንዙ) እና አባይ (ውሸታሙ) በጽሑፍ አንድ ናቸው። የአማርኛ ቅኔ ግማሽ ሀብቱ እዚህ ነው ያለው። ዳኛው በዓይኑ ብቻ ካነበበ መጀመሪያ የመጣለትን ይይዛል፤ ሌላውን አይሞክርም።

ይህ አዲስ ጣጣ አይደለም። ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ሲያሳትሙ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። እሳቸውን የተከተለ ጥቂት ነው። የማጥበቂያ ምልክቱ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ በፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ ስንት ዓመቱ! እኔ የተጠቀምኩባቸው የስልክ ኪቦርዶች ላይ ግን አንድም ቀን አላገኘሁትም።

የኔ ተማሪዎች ይህንን ከማንም በላይ ያዩታል፣ ምክንያቱም ሁለት ቋንቋ ይማራሉ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ይደገማል። ከተማችን መግቢያ ላይ ሰሌዳውን ተመልከቱ፦ በቁቤ «ቡራዩ» ሲጻፍ «ር»ም «ይ»ም ሁለት ሁለት ናቸው። «ሰበታ»ም «ብ»ዋ ሁለት ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ «ቲቸር፣ አማርኛው ለምን አይደግምም?» ብሎኝ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በሱ ላይ አለቀ። ከጥሩ ቀኖቼ አንዱ ነበር።

«ጮክ ተብሎ ከተነበበ እኮ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ እንግዲያውስ ጽሑፉ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለቅኔው ሰሙን ያሰማል፣ ሰሚው በጆሮው አዙሮ ወርቁን ያወጣል፤ ጨዋታው ይኼው ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ለየኔታ በቃሉ ይነግራል፣ እሳቸው ሰምተው ያርሙታል። ስለዚህ ዳኛው እያንዳንዱን ስንኝ ድምፅ አውጥቶ ሁለቴ ያንብብ፦ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ። ከዚህ በኋላ «የለውም» ይበል።

2. የፊደል ነገር። «ሠ»ን በ«ሰ» ተካህ ተብሎ የሚወድቅ ሰው አይቻለሁ። በግዕዝ ሠረቀ ፀሐይዋ ወጣች ነው፣ ሰረቀ ሌባው የሠራው ነው። ዛሬ አፋችን ላይ ድምፃቸው አንድ ነው፤ የቃል ጨዋታውም የሚበቅለው ከዚያው ነው። ለዲክቴሽን የሚሆን ሕግ ለቅኔ አይሆንም።

3. የዚያው ውድድር አሸናፊ ማን ሆነ መሰላችሁ? «የአለቃ ገብረ ሐና» ተብሎ የተለጠፈ ቀልድ። ውስጡ የታክሲ ረዳት አለ! አለቃ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው። ያገኛችሁትን ሁሉ እሳቸው ላይ አትለጥፉ። የደብረ ታቦር ሊቅ ነበሩ፤ የዝማሜያቸው ሥርዓት በልጃቸው በተክሌ ስም ዛሬም ይቆማል። ሊቁን ረስቶ ቀልዱን ብቻ መያዝ ያሳዝናል።

ደግሞ ቀልድ ሁሉ ቅኔ አይደለም። አስቂኝ ስለሆነ ብቻ ኅብረ ቃል አለው ማለት አይቻልም። ይህን ስንት ጊዜ ጻፍኩ።

ወረፋው ገና ነው፣ ልቀጥል። ጥፋቱ የቻናሉ ብቻ አይደለም፣ የኛም የትምህርት ነገር ነው። መጽሐፉ «የሚከተለውን ቅኔ ሰም፣ ወርቅና ኅብረ ቃል ለዩ» ይላል፤ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። 40 ደቂቃ፣ ከ60 በላይ ተማሪ። ድምፅ አውጥቶ ላነበበ ነጥብ የለም። ልጁ 12ኛን ጨርሶ ሲወጣ አንድም ቅኔ በጆሮው ሰምቶ አያውቅም። ያ ልጅ ነው ነገ ቻናል ከፍቶ ዳኛ የሚሆነው። ለትምህርት ቤት ክበባችን አንድ ማይክራፎን ለምኜ «በጀት የለም» ተባልኩ፤ በሳምንቱ ለስብሰባ ትልልቅ ስፒከር ተከራይተው አየሁ። ምን እንደምል አላውቅም።

አባቶቻችን ችሎት ላይ እንኳ በላ ልበልሃ ብለው በቃል ተከራክረዋል፤ ዳኛውም፣ ዙሪያውን የቆመውም እየሰማ። ሌላም አገር ያው ነው፦ ቴክሳስ ኦስተን ውስጥ በደራሲው ኦ. ሄንሪ ስም የሚጠራ የቃላት ጨዋታ ውድድር በፈረንጆቹ ከ1978 ጀምሮ አለ። ተወዳዳሪው ሕዝብ ፊት ቆሞ ነው የሚናገረው።

ሰበታ ያለ አንድ ወዳጄ ዓይነ ስውር የአማርኛ መምህር ነው። የምወዳደርበትን ሁሉ መጀመሪያ ለሱ ደውዬ ነው የማነብለት። የስልኩ አንባቢ ድምፅ «ሰፊ»ን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያነብለት፤ እሱ ግን ሌላውን ራሱ ይሞላዋል። ዛሬም ከስታፍ ክፍል ደውዬ የልጅቷን ስንኝ አነበብኩለት። ትንሽ ዝም አለ። «እስቲ ድገመው» አለኝ። ስደግመው ሳቀ፣ ከዚያ «የማን ናት ይቺ ልጅ?» አለኝ።

አዘጋጆች፣ ቴሌግራም እኮ የድምፅ መልእክት አለው። የማይክራፎኗን ምልክት ተጫኑ፣ ተወዳዳሪውም በድምፅ ይላክ።

ነገ የክበባችን ቀን ነው። ልጅቷ ፈቅዳለች፤ በራሷ ድምፅ፣ ሁለቴ አንብባው እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ታክሲው መጣ።