አንድ ቦታ፣ ብዙ ቀን፦ የወቅትን ለውጥ በፎቶግራፍ መከተል

በሰሜን ተራሮች፣ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጊች በሚወጣው የእግር መንገድ ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ ምድሩ በጥቂት ሳምንታት መልኩን ይቀይራል። መስከረም ላይ ሣሩ ለምለም ነው፤ ዝቅ ባለው በኩል አደይ አበባ የማሳውን ዳር ቢጫ ያለብሰዋል። ኅዳር ሲገባ አበባው ረግፎ፣ ሣሩ ገርጥቶ፣ ገብሱ ለአጨዳ ይደርሳል። ካሜራ የያዘ መንገደኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አበባው በፈካበት ሰሞን ነው፤ የሚያነሳውም ያን ሰሞን ብቻ ነው። ለውጡን ማሳየት የሚሻ ሰው አዲስ ውበት ከማሳደድ ይልቅ ወደ አንድ ቦታ መመላለስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንድን ቦታ ደጋግሞ የማንሳት ታሪክም ይህንን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ፎቶዎቹ የተነሱባቸውን ቦታዎች አፈላልገው ዳግም አነሷቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ድሮ ገላጣ የነበረው ተዳፋት በብዙ ቦታ ዛፍና ቁጥቋጦ ይዞ ተገኘ፤ ሰሜን ኢትዮጵያ ያለማቋረጥ እየተራቆተ መጣ የሚለውን አባባል የሚፈትን ማስረጃ ነው። በዚህ ንጽጽር ወቅቱም ወሳኝ ነው፦ ጦሩ ያለፈው በበጋ ነበር። አዲሱ ፎቶ መስከረም ላይ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ የአንድ ክረምት ልምላሜ የ140 ዓመት ለውጥ መስሎ በታየ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ፊኖካም የተባለው መረብ ካሜራዎቹን አንድ ቦታ ተክሎ ከንጋት እስከ ምሽት በየ30 ደቂቃው ያነሳል፤ ከምስሉ ቀለም ውስጥ የአረንጓዴውን ድርሻ በማስላትም ቅጠሉ መቼ እንደለመለመና መቼ እንደገረጣ ይለካል። ፒክቸር ፖስት የሚባለው አሠራር ሥራውን ለእግረኛው ሰጥቶታል፦ በመንገድ ዳር የተተከለ ምሰሶ አናቱ ላይ ስምንት ጎን አለው፤ አላፊው ካሜራውን በየጎኑ አስጠግቶ ስምንቱን አቅጣጫ፣ ከዚያም ሰማዩን ያነሳል።

ካሜራ በቀለም ረገድ አይታመንም፣ ብርሃኑም በየቀኑ ይለያያል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም አለው። የስልክ ካሜራ ቀለምን በራሱ ስለሚያስተካክል የገረጣውን ሣር ቢጫነት ሊያደበዝዘው ይችላል። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም፦ የቀለም ማስተካከያውን በአንድ መጠን ማሰር፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ማንሳት፣ በማይለወጥ ግራጫ ቋጥኝ ቀለሙን ማመሳከር፣ ከሩቅ የሚታየውን የተራራ ጫፍ በፍሬሙ ውስጥ ቦታውን ሳይለቅ ማስቀመጥ። መደጋገም ውበትን ይገድላል የሚሉም አሉ። የሣሩ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ ሲደርቅ በተከታታይ ፎቶ ያየ ሰው ግን በዚህ አይስማማም፤ በአንድ ፎቶ ፈጽሞ የማይታይ እንቅስቃሴ ነውና። የሚከብደው መመላለሱ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ጎብኚ በየሳምንቱ ሊመለስ አይችልም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚን የሚያጅቡት ስካውቶች ግን ያንኑ መንገድ ደጋግመው ይሄዱበታል። ጥቂት የተመረጡ ቋጥኞች ላይ ምልክት ቢደረግላቸውና በስልካቸው እንዲያነሱ ቢታገዙ፣ ፓርኩ የራሱን የወቅት መዝገብ መጀመር ይችላል።