በሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ፦ የኤሌክትሪክ መኪናን ሞተር የሚቆጣጠረው መሣሪያ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን መንገድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። በጉለሌ የሚያልፈው ይህ ዳገት የነዳጅ መኪናዎችን ሲፈትን ኖሯል፤ ነዳጅ የሚቃጠለው በአየር በመሆኑ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳልና። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ግን በዚሁ ዳገት ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ መጥተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር አይሻም። ታዲያ የዳገቱ ነገር አበቃ ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ፈተናው ከሞተሩ ወጥቶ ሞተሩን ወደሚቆጣጠረው መሣሪያ ተዛውሯል። ይህ እንዴት እንደሆነ በሚከተሉት አንቀጾች እንመለከታለን።

መቆጣጠሪያው ምን ይሠራል?

ባትሪ የሚሰጠው ቀጥተኛ ከረንት ነው። አብዛኞቹ የመኪና ሞተሮች ደግሞ የሚሽከረከሩት በሦስት ፌዝ ተለዋጭ ከረንት ነው። በሁለቱ መካከል የሚገኘው መቆጣጠሪያ፣ ለእያንዳንዱ ፌዝ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስድስት ማብሪያና ማጥፊያዎች አሉት። እነዚህም በሴኮንድ 10,000 ጊዜ ያህል የሚበሩና የሚጠፉ ትራንዚስተሮች ናቸው።

ባትሪው 350 ቮልት ነው እንበል። ትራንዚስተሩ ግማሹን ጊዜ በርቶ ግማሹን ከጠፋ፣ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው አማካይ ቮልቴጅ 175 ይሆናል። የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ከረንት በድንገት እንዲለወጥ ስለማይፈቅድ፣ የተቆራረጠው ቮልቴጅ ተለስልሶ ያልተቆራረጠ ከረንት ይወጣዋል። ትራንዚስተሩ የሚበራበትን የጊዜ ድርሻ ከፍና ዝቅ በማድረግ የምንፈልገውን ሞገድ እንሠራለን ማለት ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

እንከን የለሽ ማብሪያና ማጥፊያ ቢኖር ኖሮ ምንም ሙቀት ባልፈጠረ ነበር። ሲጠፋ ከረንቱ ዜሮ፣ ሲበራ በላዩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ዜሮ ስለሚሆን የሁለቱ ብዜት ምንጊዜም ዜሮ ነው። በተግባር ያለው ትራንዚስተር ግን ሁለት ዓይነት ብክነት አለበት።

አንደኛው በሚበራበት ጊዜ የሚታየው ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ለብዙ ጊዜ ያገለገለው አይ.ጂ.ቢ.ቲ. የተባለው ትራንዚስተር 200 አምፒር ሲያስተላልፍ 2 ቮልት ያህል ያስቀራል። ይህም 400 ዋት ነው፤ ግማሹን ጊዜ ብቻ ቢበራ በአማካይ 200 ዋት ይሆናል።

ሁለተኛው በመሸጋገሪያው ቅጽበት የሚፈጠረው ነው። 350 ቮልትና 200 አምፒር ለአፍታ ሲገናኙ ብዜታቸው 70 ኪሎዋት ይደርሳል። ሽግግሩ የሴኮንድ ሁለት ዐሥር ሚሊዮንኛ ብቻ ቢፈጅ እንኳ፣ በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ሲደጋገም በአንድ ትራንዚስተር ላይ ወደ 140 ዋት ገደማ ያመነጫል። ሲሊኮን ካርባይድ ከተባለው ቁስ የሚሠሩ ትራንዚስተሮች የሚወደዱት ይህን ሽግግር ስለሚያፋጥኑ ነው።

ከሩጫ መቆም ሲከብድ

2,500 ኪሎግራም የሚመዝን ሚኒባስ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ነው እንበል። የመሬት ስበት ወደ ታች የሚጎትተው በ2,450 ኒውተን ገደማ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ይህን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 24.5 ኪሎዋት ያስፈልገዋል።

አሁን መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ቢቆም፣ ሾፌሩም ፍሬን ሳይዝ ነዳጅ መስጫ እንለው በነበረው ፔዳል ብቻ ደግፎ ቢያቆመው ምን ይሆናል? መኪናው ስለማይንቀሳቀስ የሚሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል ግን ያው 2,450 ኒውተን ነው። የሞተር የማሽከርከር ኃይል የሚገኘው ከከረንት በመሆኑ ከረንቱም አይቀንስም።

ከዚህ የባሰ ነገርም አለ። ሞተሩ ሲሽከረከር ከረንቱ ከፌዝ ወደ ፌዝ ስለሚዘዋወር ስድስቱ ትራንዚስተሮች እየተፈራረቁ እንደሚሸከሙ ወዛደሮች ናቸው። ሞተሩ ሲቆም መፈራረቁ ይቀራል፤ ሸክሙ በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ይወድቃል። የትራንዚስተሩ ውስጥ ከ150 እስከ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ይበላሻል። ስለዚህ የመቆጣጠሪያው ከባድ ፈተና ፈጣን መንገድ ላይ ሳይሆን በሽሮ ሜዳ መጨናነቅ ውስጥ ነው። በዳገት ላይ ለመቆም ፍሬን መያዝ ይገባል የምንለውም ለዚህ ነው።

ስስ አየር

ሙቀቱ በመጨረሻ የሚወጣው ወደ አየር ነው። በውኃ የሚቀዘቅዝ መቆጣጠሪያም ቢሆን ውኃው ሙቀቱን በራዲያተር ለአየር ያስረክባል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ገደማ ነው፤ በ3,000 ሜትር ደግሞ 74 በመቶ። ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞር በእንጦጦ አናት የሚያሳልፈው አየር በክብደቱ በአንድ አራተኛ ያነሰ ነው። የአካባቢው ቅዝቃዜ ጥቂት ያካክሳል።

ስስ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታንም በቀላሉ ያሳልፋል። በዓለም አቀፍ መስፈርት በባዶ ብረቶች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚያገለግል ሲሆን፣ ለ3,000 ሜትር 14 በመቶ መስፋት አለበት። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተሠራ መሣሪያ ለጉለሌ የሚመች መሆኑ ሳይመረመር መታመን የለበትም።

መሣሪያውን ልሥራ ለሚል ተማሪ

ተማሪ ሳለን የመጀመሪያውን መቆጣጠሪያችንን ስንሠራ ካፓሲተሩን ለመልኩ ስንል ከትራንዚስተሮቹ አርቀን አስቀመጥነው። ከረንቱን ከፍ ባደረግን ጊዜ ሁለቱ ትራንዚስተሮች በአንድ ድምፅ ፈነዱ። ምክንያቱን ዘግይተን አሰላነው። 10 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ሽቦ 100 ናኖሄንሪ ያህል ኢንዳክታንስ አለው፤ 200 አምፒር በሴኮንድ ሁለት ዐሥር ሚሊዮንኛ ሲቋረጥ በላዩ 100 ቮልት ይፈጥራል። የእኛ ሽቦ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይረዝም ነበር። ካፓሲተሩ ለትራንዚስተሮቹ እጅግ ቅርብ፣ ማያያዣውም ሰፊና ጠፍጣፋ መዳብ መሆን አለበት።

ባዶ ካፓሲተርን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘትም አይገባም። ድንገተኛው ከረንት ማገናኛውን ያቀልጠዋል። መጀመሪያ 100 ኦም በሚያህል ሬዚስተር በኩል መሙላት ይበጃል። 500 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ350 ቮልት ከ30 ጁል በላይ ይይዛል፤ ባትሪው ከተላቀቀ በኋላም ይኸው በውስጡ ይቆያል። ሰውን ሊገድል ስለሚችል መሙላቱና ባዶ መሆኑ በመለኪያ ሳይረጋገጥ እጅ አይነካውም።

በመንገዶቻችን ላይ የሚታዩት መቆጣጠሪያዎች አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ሲበላሹ ሙሉውን አውጥቶ መተካት ውድ ነው፤ የተቃጠለችውን አንዲት ክፍል ለይቶ የሚጠግን ባለሙያ ግን ወጪውን ይቀንሳል። እኛ በላቦራቶሪ የምናስተምረው የኦምና የፋራዳይ ሕግ ለዚህ ሥራ መነሻ ይሆናል። ዳገቱ ከበራችን ላይ ነውና ለሙከራ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።