ስለ እንጨት ከታፊ ቢላዎች አሳሳልና ስለ ቃሎቻቸው

የአንድ መኪና አጠቃቀም መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቁት ረጃጅሞቹ የምሕንድስና ቃላት ናቸው። ተጠቃሚው ግን በአብዛኛው የሚሰናከለው ተርጓሚው ሳያመነታ ባለፋቸው በቀላሎቹ ግሦች ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ግንድንና ቅርንጫፍን እየቆራረጠ ለወረቀትና ለቺፑድ ጥሬ ዕቃ የሚያዘጋጀው መኪና፣ በተለይም የቢላዎቹ አሳሳል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ካረማቸው ረቂቆች በአንዱ ላይ «ሽራፊ እስኪወጣ ድረስ ይሞረድ» የሚል ትእዛዝ ነበረ። የምንጩ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ቢላ በአንድ ወገን ሲሞረድ፣ ድንጋዩ ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ እጅግ ቀጭን የሆነ የብረት ከንፈር ወደ ሌላው ወገን ይታጠፋል። ይህ ከንፈር ከዳር እስከ ዳር መውጣቱ ከታወቀ ድንጋዩ ስለቱን ሁሉ አዳርሷል ማለት ነውና ሞራጁ በዚያው ማቆም አለበት። ረቂቁ ሠራተኛውን ያዘዘው ብረቱ እስኪሸረፍ ድረስ እንዲቀጥል ነበር፤ የሥራው ፍጻሜ ምልክት የነበረው ነገር ወደ ጉዳት ተለወጠ። ለዚህ ከንፈር «እጥፋት» የሚለው ስያሜ ቢሰጠው መልኩንም አመጣጡንም ይገልጻል፤ ከ«ሽራፊ» ጋርም አይምታታም።

ወደ ግሡ እንመለስ። «ሳለ» በአማርኛ አንድ ቃል ቢመስልም የብዙ ሥሮች መገናኛ ነው። የግእዙ «ሰሐለ» (ስለት አወጣ)፣ «ሠዐለ» (መልክ ነደፈ) እና «ሰዐለ» (ሳል ያዘው) የጉሮሮ ድምፃቸውን ሲያጡ ሦስቱም «ሳለ» ሆነዋል። በጽሕፈት ሁለተኛውን «ሣለ» ብሎ መለየት ይቻላል፤ ነገር ግን ሥርዐቱን የሚጠብቀው ጥቂት ሰው ነው። «ተሳለ» ስንል ደግሞ የስእለቱም ፍች ይጨመራል። በመመሪያ ላይ «በምስል 3 እንደ ተሳለው ይሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ የፊተኛው ሥዕል፣ የኋለኛው ስለት መሆኑን አንባቢ የሚያውቀው በግምት ነው። «መሳያ»ም እንዲሁ የሠዓሊው ነው ወይስ የሞራጁ?

ችግሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። መመሪያው የሚለያቸው ሁለት ሥራዎች አሉ፤ አንዱ በሚሽከረከር ድንጋይ ብረትን ቀንሶ ተዳፋቱን ማደስ፣ ሌላው በእጅ ድንጋይ እጥፋቱን አንሥቶ ስለቱን ማጥራት። ሁለቱንም «መሳል» ካልናቸው ማስጠንቀቂያው የትኛውን እንደሚመለከት አይታወቅም። ማስጠንቀቂያው ስለ ሙቀት ነው። ድንጋዩ በኀይል ከተጫነና ውሃ ካልፈሰሰበት ጫፉ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ቀጥሎም ሰማያዊ ይሆናል፤ በተራ ካርቦን ብረት ላይ ይህ ሰማያዊነት ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ያመለክታል። ያን ጊዜ ስለቱ ሹል ቢመስልም ጥንካሬው ስለቀነሰ ጥቂት እንጨት እንደ ቆረጠ ይዶለዱማል። እንግዲህ ለፊተኛው ሥራ «ሞረደ»፣ ለኋለኛው «ሳለ» ተለይተው ቢያዙ፣ «በሚሞረድበት ጊዜ ውሃ አይቋረጥ» የሚለው ትእዛዝ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገባል። ሞረድን የማያውቅ ባለሙያ የለምና አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገንም።

የመኪናው ስም ራሱ ክርክር ያስነሣል። «እንጨት ፈላጭ» እንዳይባል፣ መፍለጥ በቃጫው አቅጣጫ ነው፤ ይህ መኪና ግን ቃጫውን አግድም ይቆርጣል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ያደርጋል፤ የቁራጩን ርዝመት የሚወስነው ቢላው ነው (ለወረቀት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር)፣ ውፍረቱ ግን እንጨቱ በቃጫው ሲሰነጠቅ የሚገኝ ነው። «ከተፈ» ለዚህ ይስማማል። ይሁን እንጂ «መክተፊያ» ማለት አይመከርም፤ ማንኛዋም ባለ ቤት እንደምትመሰክረው መክተፊያ ከሥጋው በታች የሚነጠፈው ጣውላ ነው። በመኪናውም ውስጥ ይህን ጣውላ የሚመስል አለ፤ እንጨቱ የሚደገፍበትና የሚሽከረከሩት ቢላዎች አጠገቡ የሚያልፉት የማይነቃነቅ ብረት። ስለዚህ መኪናው «ከታፊ»፣ ያ ብረት «ቋሚ ቢላ»፣ በዲስኩ ላይ በብሎን የሚታሰሩት «ተሽከርካሪ ቢላዎች»፣ የሚወጣውም «ክታፊ» ይባል። በቋሚውና በተሽከርካሪዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከፋብሪካው ልክ ከሰፋ እንጨቱ ከመቆረጥ ይልቅ ይቦጫጨቃል። ቢላ በተሞረደ ቍጥር ስለሚጠብብ ክፍተቱ በየጊዜው መስተካከል አለበት። በተጨማሪም የአንድ ዲስክ ቢላዎች ሁሉ ዐብረው ወርደው በእኩል ስፋት ይሞረዳሉ፤ አንዱ ብቻ ከተሞረደ ክብደቱ ስለሚቀንስ ዲስኩ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል።

የቢላን ጉዳት ለመግለጽ ተርጓሚዎች «ደነዘ» በማለት ይበቃቸዋል። የሠራተኛው አንደበት ከዚህ ይበልጣል። አፈርና አሸዋ በያዘ ቅርፊት ምክንያት ስለቱ ሲከብ «ዶለዶመ»፤ ሚስማር ወይም ድንጋይ ነክቶት ጫፉ ሲጎድል «ተሸረፈ»፤ ሳይጎድል ወደ ጎን ሲዞር «ታጠፈ»፤ በመሞረድ ብዛት ስፋቱ ከተፈቀደው በታች ሲወርድ ደግሞ፣ ስለ መኪና ጎማ እንደሚባለው ሁሉ፣ «ተበላ» ይባላል። ልዩነቱ የቃላት ጌጥ አይደለም። የዶለዶመው ጥቂት ይሞረዳል፤ የተሸረፈው ሽራፊው እስኪጠፋ ብዙ ብረት ይነሣለታል፤ የተበላው ከቶ አይሞረድም፣ ይጣላል እንጂ፤ ብሎኖቹ በበቂ ሁኔታ አይዙትምና።

ከአካል ክፍሎች የተወሰዱ ስያሜዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። የቢላን ስለት «አፍ» ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን እንጨቱ የሚገባበት የመኪናው ቀዳዳም አፍ ነው። «እጅ ወደ አፉ አይቅረብ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የትኛውን እንደሚከለክል አይለይም፤ አፍ ለመኪናው ይቅርና ለቢላው «ስለት» እንበል። ከዚህ የከፋው «መኪናው ሲቆም ክዳኑ ይከፈት» የሚለው ነው። በተለመደው አነጋገር ሞተሩ ከጠፋ መኪናው ቆመ ይባላል፤ ከባዱ ዲስክ ግን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ በራሱ ክብደት ለብዙ ጊዜ መሽከርከሩን ይቀጥላል። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ይነቀል፤ ዲስኩ ፈጽሞ መሽከርከሩን እስኪያቆም ይጠበቅ፤ ዲስኩ ይቆለፍ፤ ከዚያ በኋላ የቢላዎቹ ብሎን ይፈታ።»